ማርያም የሳመችው ተረከዝ

ሰኞ

ቆሻሻ መስሎኝ በአውራ ጣቴ አሸሁት። አልለቀቀም። ፎጣ በሞቀ ውሃ ነክሬ ደግሜ አሸሁት። ወይ ፍንክች!

የእማማን የእግር ጥፍር ልቆርጥላቸው ነበር የተቀመጥኩት። እማማ ጥሩነሽ የባለቤቴ የሙሉጌታ እናት ናቸው፤ ስፖንሰር አድርጎ ከአገር ቤት ካመጣቸው ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ጉልበታቸው አልታጠፍ ስላለ ጥፍራቸውን የሚቆርጥላቸው እሱ ነበር። አሁን ትራኩን ይዞ ካልጋሪ ሄዷል። ግራ እግራቸውን ጭኔ ላይ ሳወጣው ነው ያየሁት። ውስጥ እግራቸው ላይ፣ ተረከዙ ጋ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል ነጥብ። ጠርዟ ወጣ ገባ ነው። ባንድ በኩል ድቅድቅ ያለ ጥቁር፣ ባንድ በኩል ቡናማ።

«ምንድነው እማማ ይሄ?»

«የቱ?»

«ይሄ ጥቁሩ።»

«እሱማ ማርያም የሳመችኝ ነው» አሉና እግራቸውን ሰብስበው በቀሚሳቸው ሸፈኑት።

እኔ ደግሞ ሥራዬ ምን ሆነና! ፒኤስደብሊው ነኝ እኮ፣ የቤት ለቤት ተንከባካቢ። ሰው ቤት እየዞርኩ የፈረንጅ ሽማግሌ አጥባለሁ፣ በጣትና በጣት መሀል ሳይቀር አደርቃለሁ። ስልጠና ላይ «ውስጥ እግር ላይ ጠርዙ ያልተስተካከለ ጥቁር ነገር ካያችሁ ሪፖርት አድርጉ» ተብለናል። የገዛ አማቴን እግር ግን አንድ ቀን ገልብጬ አይቼ አላውቅም። አፈር ልብላ።

ለፋሚሊ ዶክተሩ ቢሮ ኮል አደረግኩ። ነርሷ የቆዳ ስፔሻሊስት ወረፋው ብዙ ወር ነው፤ ግን በቅርብ የተነሳ ጥርት ያለ ፎቶ ከፎርም ጋር ከላክሽ ስፔሻሊስቱ አይቶ ማን እንደሚቀድም ይወስናል አለችኝ። ፎርሙ «መቼ ጀመረ?» ይላል። «ሲወለዱ ጀምሮ» ብዬ ሞላሁ። ማርያም የሳመችኝ ካሉ ሲወለዱ ነዋ።

በስልኬ ስድስት ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ልቤ ግን አላረፈም።

ማክሰኞ

ፎቶው ተመለሰ። «ብዥ ብሏል፣ ምንም አይለይም፣ እባክሽ ደግመሽ ላኪ» የሚል መልእክት ሥራ ላይ ሆኜ ደረሰኝ። ሺፍቴን እንዴት እንደጨረስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

እቤት ገብቼ ፎቶዎቹን በላፕቶፕ አየኋቸው። ጉድ ነው። ምንጣፉ ክሩ ይቆጠራል። እግራቸው ግን ጭጋግ ነው።

ደግሜ አነሳሁ። አርባ ይሆናል። ስጠጋ ይፈዛል። ስርቅ ነጥቧ ዝንብ ታክላለች። ፍላሽ ሳበራ መሀሏ ላይ ነጭ መብራት ይቀመጥባታል። ፍላሽ ሳጠፋ የራሴ ጭንቅላት ጥላ ያርፍባታል። ደግሞ እጄ ይንቀጠቀጣል። ለምን እንደሚንቀጠቀጥ አውቃለሁ፤ በምሳ ሰዓት ኢንተርኔት ላይ ማየት የሌለብኝን አይቻለሁ። እኔ ደም ቢፈስ፣ ሰው ቢወድቅ የማልደነግጥ ሴት፣ ስልክ መያዝ አቃተኝ።

እማማ ሳቁብኝ። «ምነው፣ እግሬ ፓስፖርት ሊያወጣ ነው እንዴ?»

«ለዶክተሩ ነው እማማ። ትንሽ ይታገሱኝ።»

«ዶክተር የሰው ተረከዝ አይቶ ምን ያደርግለታል? ደግሞ እንዲህ ሰንጣቃውን!» አሉና ቫዝሊን አምጪ አሉኝ። ሊያሳምሩት ነው! ቫዝሊኑ ደግሞ አብለጨለጨውና ጭራሽ የባሰ ሆነ። አንዱን ፎቶ ላሳያቸው ብል ፊታቸውን አዞሩ። «የገዛ እግሬን ምን አየዋለሁ» አሉ። ያን ጊዜ አልሳቁም።

ሙሉጌታ ከመንገድ ደወለ። ነገርኩት። «ለእሷ ምንም እንዳትነግሪያት» አለኝ።

ምን ብዬ ልንገራቸው? እኔስ ምን አውቄ?

ረቡዕ

ዛሬ ኦፍ ነኝ። እግዜር ይስጣቸው ጋሽ ተካን።

ጋሽ ተካ ዘጠነኛ ፎቅ ያሉ ጡረተኛ ናቸው፤ አገር ቤት ፎቶ ቤት ነበራቸው። ሊፍት ውስጥ አገኘኋቸውና «ጋሽ ተካ፣ ትንሽ ነገር በቅርብ ላንሳ ብዬ እምቢ አለኝ» አልኳቸው።

«ምን ታክላለች?»

«ጥፍር።»

«ቀለበት ነው?»

«አዎ፣ ቀለበት» አልኩ። ዋሸሁ። የእማማን ውስጥ እግር ለወንድ ባወራ እማማ ከቤት ይወጣሉ።

አሮጌ ትንሽ ካሜራ ይዘው ቤታችን ድረስ መጡ፤ ኪስ ውስጥ የምትገባ፣ ብርማ ቀለሟ የተፋቀ። «ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው» አሉኝ። «በደንብ እንዲታይለት ብሎ አፍንጫው ድረስ ይደቅንበታል። ካሜራ ደግሞ እንደኔ ዓይን ነው፤ ሲጠጉት ይደናገረዋል።» እማማ ሶፋው ላይ እግራቸውን በነጠላ ጠቅልለው በጥርጣሬ ያዩናል።

እንዳልረሳው ያሉትን ልጻፈው፦

የአበባ ምልክቷን መምረጥ። ቅርብ ነገር የምታነሳው እሷ ናት።

ግማሽ ስንዝር መራቅ። ከዚያ በላይ አለመጠጋት።

ፍላሽ ማጥፋት። መስኮት ስር መሆን፣ ፀሐዩ ግን በቀጥታ እንዳያርፍበት። ጥላው በወደቀበት በኩል ነጭ ጨርቅ ማቆም።

ካሜራውን በእጅ አለመያዝ። የሩዝ ከረጢት ላይ ማስቀመጥ።

ቁልፉን እስከ ግማሽ ተጭኖ መጠበቅ፤ አረንጓዴዋ ሳጥን ስትመጣ እስከ መጨረሻው መጫን።

«እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ነው» አሉኝ መጨረሻ ላይ። «ሁለት ሰከንድ ቆጥሮ ራሱ የሚያነሳበት አለ፤ ቁልፉን ነክተሽ እጅሽን አንሺ። ቀለበቱ ውድ ነው መሰለኝ?»

«በጣም» አልኳቸው። እንባዬ መጣ። ሊፍቱ ድረስ ሸኘኋቸው እንጂ ፊቴን አላሳየኋቸውም።

ካሜራውን ትተውልኝ ሲሄዱ ምስር አምጥቼ ሳህን ላይ አድርጌ ተለማመድኩ። አስረኛው ላይ ምስሯ ጥርት አለች። የዛሬው ድሌ አንዲት ምስር ናት። ለእማማ ልሞክር ስል ግን መሽቶ ነበር፤ የመስኮቱ ብርሃን አልቋል።

ሐሙስ

አምላኬ፣ ምን አድርጌያለሁ።

በተራ ልጻፈው። ጠዋት ከሥራ በፊት እማማን መስኮቱ ጋ አስቀመጥኳቸው። እግራቸውን ወንበር ላይ፣ የትራስ ልብስ ባንድ በኩል፣ ማስመሪያ ከነጥቧ አጠገብ፣ ካሜራው ሩዝ ላይ። ግማሽ ስንዝር። አበባዋ። አረንጓዴዋ ሳጥን መጣች። ቁልፉን ጫን አድርጌ እጄን አነሳሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ቀጭ።

ጥርት አለ! የቆዳቸው መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራል። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ምን እያየሁ እንደሆነ ገባኝ። ጥቁሩ በቆዳው መስመር መሀል መሀል ሾልኮ ወደ ውጭ እየወጣ ነው። በዓይኔ ይሄን አላየሁትም ነበር።

ወሬ ለማስቀየር ያህል «እማማ፣ ልጅ እያሉም ይቺን ያህል ነበረች?» አልኳቸው።

«የምን ልጅ?»

«ነጥቧ።»

«አይ አንቺ! ልጅ ሆኜማ የት ነበረች? አምና ክረምት በረዶው ሲገባ ነው የመጣችው። መጀመሪያ ሰሊጥ ታክል ነበር፤ ሙሉጌታም አይቷት ነበር። እያደገች መጣች።»

«ማርያም የሳመችኝ ነው አላሉኝም እንዴ?!»

«ታዲያስ! ማርያም ትልቅ ሰው አትስምም ያለሽ ማነው?»

አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ማርያም የሳመችው ሲባል ከእናቱ ማህፀን ይዞት የወጣ ማለት ነው ብዬ ነው የኖርኩት። እሳቸው ዘንድ ደግሞ ሰው ገላ ላይ የወጣ ጥቁር ነገር ሁሉ የማርያም ነው። እኔ በደህና እንግሊዝኛ «ሲወለዱ ጀምሮ» ብዬ ሞልቼ፣ ፎርሙን ወረፋ መጨረሻ ላይ ልኬዋለሁ።

ነርሷ ጋ ደወልኩ። «ተሳስቼ ነው የሞላሁት፣ አዲስ ነው፣ ዓመት አልሞላውም፣ እያደገ ነው» አልኳት። «ፎቶ አለሽ?» አለችኝ። ላፕቶፑ ላይ ገልብጬው ስለነበር እየተነጋገርን ላክሁላት። «ጥሩ ፎቶ ነው» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው።

አውቶቡስ ውስጥ ሙሉጌታን ደውዬ ጮህኩበት። ሰሊጥ ሳለች አይተሃት ዝም አልክ? «እሷ ማርያም የሳመችኝ ነው አለችኝ፤ እኔም አመንኳት» አለኝ። ምን ልበለው፤ እኔም ያው ነኝ።

ዓርብ

ከስፔሻሊስቷ ቢሮ ደወሉ። ሰኞ ጠዋት አምጪያቸው አሉ። ያ ሁሉ ወር ሦስት ቀን ሆነ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልሆነም። እንዲህ የሚቸኩሉት በምክንያት ነው።

ካሜራውን ልመልስ ብዬ ዘጠነኛ ፎቅ ወጣሁ። ጋሽ ተካ «ቀለበቱ ተሸጠ?» አሉኝ። «ጋሽ ተካ፣ ቀለበት አይደለም፤ የእማማ እግር ላይ የወጣ ነገር ነው» ብዬ አመንኩ። ካሜራውን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት። «ያዢው፤ ሊያስፈልግሽ ይችላል» አሉኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እማማ ለሰኞ የሚለብሱትን ከአሁኑ መርጠዋል። አዲስ ካልሲ ግዢልኝ አሉ። ገዛሁ።

ሰኞ

ስፔሻሊስቷ ወጣት ሴት ናት። የእኔ ፎቶ ስክሪኗ ላይ ተከፍቶ ጠበቀን። በማጉያ አየች፣ ለካች፣ ፎቶውን አየች፣ እንደገና እግሩን አየች። አደንዝዛ ትንሽ ቆንጥራ ወሰደች፤ ቦታውን ሰፍታ ፕላስተር ለጠፈችበት። እማማ የታቦቱን ሁሉ ስም እየጠሩ እጄን ጨመቁት፤ አምስቱም ጣቴ እስካሁን ያመኛል።

«ምን አለች?» አሉኝ ስንወጣ።

«ነጥቧ ትመረመራለች አለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»



ረቡዕ፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ

ይሄን ሁሉ ቀን አልጻፍኩም፤ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ስልኩ የሚጮህ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ጮኸ።

ካንሰር ነው። ስፔሻሊስቷ ደጋግማ የነገረችኝ ግን ገና ላይ ላዩን ነው፣ ብዙ አልጠለቀም ብላ ነው። ዙሪያውን አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ጨምረው ያወጡታል፤ ከዚያ አይተው እርግጠኛውን ይነግሩናል። ቀዶ ጥገናው ማክሰኞ ነው።

ሙሉጌታ ስደውልለት አለቀሰ። ከዚያ «ቁስል ነው በያት፣ በሞቴ» አለኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁት። ዘግቼ ሳስበው አልቻልኩም። አንድ ቃል ሳላጣራ ጽፌ ሰው ላጠፋ ነበር፤ ደግሜ ቃል አልቀያይርም።

አጠገባቸው ቁጭ አልኩና «እማማ፣ ውጤቱ መጣ። ካንሰር ነው» አልኳቸው። ሌላ ስም አልፈለግኩለትም።

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እግሬን ሊቆርጡት ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! ነጥቧን ነው የሚያወጧት።»

«ዋሸሽኝ።»

«አልዋሸሁም።»

«ፎቶውን አምጪው እስቲ።»

ካሜራውን ከፍቼ ሰጠኋቸው። አዩና በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። «እመቤቴ! ይሄን ያህል? እግሬን እኮ ሙሉውን በልቶታል!» ስክሪኑን ከዳር እዳር ሞልቶታል። ግማሽ ስንዝር ላይ የተነሳ ነገር እንዴት እንደሚገዝፍ ማን ነግሯቸው! ጥርት አድርጌ ያነሳሁት ፎቶ መልሶ እሳቸውን ሊገድላቸው ነው። ማስመሪያዋን ባሳያቸው እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ፕላስተሩን እንዳልገልጠው ስፌቱ አልተፈታም፤ ጉልበታቸውም ቢሆን አይታጠፍም።

እስክርቢቶ አነሳሁ። ቀኝ እጃቸውን ገልብጬ፣ ከፎቶው ላይ ለክቼ፣ መዳፋቸው ላይ ነጥቧን በልኳ ሳልኳት። ከዚያ ዙሪያዋን ክብ አደረግኩ። «ይቺ በሽታዋ ናት። ይሄ ክቡ የሚያወጡት ነው። በቃ፣ ይሄ ብቻ።»

እጃቸውን አቀረቡ፣ አራቁ፣ ወደ መስኮቱ አዞሩት።

«ይቺን ብቻ?»

«ይቺን ብቻ።»

«ከዚህ ሌላ የለም?»

«ማክሰኞ ካወጡ በኋላ ነው የሚታወቀው እማማ። እኔም አላውቅም።»

«ፈርተሻል?»

«በጣም።»

«እኔም» አሉ። ከመጡ ጀምሮ እንዲህ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። መዳፋቸውን ጨበጡና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። አሁን ምሳ አቅርቤላቸው፣ ቀኙን እንደጨበጡ በግራ እጃቸው እየበሉ ነው።