ቀዩ የሳቲን ካባ

ልጄ ሀስና፣ አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ በወጣሽበት መንገድ ሁሉ ይቅደምልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እኔ ብቻ በንዴት ተቃጥያለሁ።

ለወንድምሽ ልጆች ብለሽ የላክሽው፣ የዚያ ቀይ ካባ ለብሶ የሚበርረው ልጅ የካርቱን ፊልም ቤቱን በጠበጠው። አባትሽ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ሱቅ መክፈቱን ትቶ ከልጅ ልጆቹ ጋር ተጎልቶ ያያል። ለደንበኛ ስንዝር ጨርቅ የማይመርቅ ሰውዬ፣ ለሙሽራ የተያዘውን ቀይ ሳቲን ቆርጦ ሦስት ካባ አሰፍቶ መጣ! "ልጆቹ ሁለት፣ ሦስተኛው የማን ነው?" ብዬ ብጠይቀው "የእኔ ነዋ!" አይለኝም? የሙሽራዋ እናት ከአማኑኤል ሰፈር ድረስ መጥተው ሲጮሁ ግን ቆሜ የሰማሁት እኔ ነኝ።

ትናንት ቴሌቪዥኑን ላጠፋ ገብቼ ሳላስበው እስከ መጨረሻው አየሁት። ይኸው ደግሞ ሌላ ንዴት። ያ ልጅ ስንቱን ሕዝብ አድኖ፣ እራት ሳይቀርብ እናቱ ቤት ይደርሳል። ከዶሃ እዚህ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ነው ይላሉ፤ አንቺ ከሄድሽ አራት ዓመትሽ።

ሳትበዪ ሥራ አትግቢ፣ አደራ። አላህ በጤና ያገናኘን። ለዒድ ነይልኝ እስቲ። ከሳቲኑ ለአንድ ካባ የሚበቃ ተርፏል፤ ከአባትሽ ደብቄ አስቀምጬልሻለሁ።

እናትሽ ሐጀራ