ባሕሩ እስኪተኛ

ካዊካ፣

ሩዙ ድስቱ ውስጥ ነው፤ ዓሣውን አሙቀው። ሳትበላ እንዳትወጣ።

ከሰሜን ምዕራብ ትልቁ ማዕበል ገብቷል። ነፋሱም ከየብስ ነው፤ ማዕበሉን አለስልሶ ቀጥ አድርጎ አቁሞታል፣ ልክ ማኮአ የሞተ ዕለት እንደነበረው። ማታ የሱን የማዕበል መንሸራተቻ ሰሌዳ ሰም ስትቀባው አይቼሃለሁ። ሰሌዳውን ግን አልደበቅኩብህም።

እኔ የማዕበሉ ድምፅ ወደማይሰማበት፣ እናቴ ቤት ሄጃለሁ።

«ባሌን ወደ ዋይሜያ ማዕበል የወሰድከው አንተ ነህ» ያልኩህን…
ተወው። ላንተም ወንድምህ ነበር።

የማኮአ አስከሬን አመድ ያለበት ሳጥን መደርደሪያው ላይ ነው። በጋ ገብቶ ባሕሩ ሲተኛ፣ ለሱ አንድ የአበባ ጉንጉን ጎንጉኜ፣ አብረን ውሃው ላይ እንሸኘዋለን ተባብለናል።

አንድ ጉንጉን ነው ያልኩህ፣ ካዊካ።
ሁለት አታስጎንጉነኝ።

ናላኒ