ፈታኙ ያልቀመሳት ፕሪም

ልጄ ሱክ ዪን፣ ሲድኒ ላይ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። እዚህ ቫንኩቨር ዝናቡ አላባራም፤ አባትሽም ጉልበቴን ይላል።

ያ ፈታኝ ትዝ ይልሻል? ሰው ሳክም ያረጀሁትን ሴት "እንግሊዝኛ ካልቻልሽ ማከም አትችይም" ብሎ ጥሎኝ የሕክምና ፈቃዴን የነጠቀኝ? ትናንት እያሳለ የባህል መድኃኒት ሱቃችን መጣልሽ! ሌላ ሐኪም ያዘዘለትን ቅጠል ምንም ሳላጎድል መዝኜ ሰጠሁት፤ በመድኃኒት አልቀልድም። ከመራራው መድኃኒት በኋላ እንዲመጧት ለሁሉም የምሰጣትን ደረቅ ፕሪም ግን ከለከልኩት። ከፊቱ ለነበሩት አሮጊት ስሰጥ አይቶ እጁን ዘረጋ።

"መጀመሪያ ፈተና አለ" አልኩት ፕሪሟን አንስቼ፣ በእኛው ቻይንኛ በካንቶንኛ። "ይቺ ማን ትባላለች?"

"ምን አልሽኝ?" አለ በእንግሊዝኛ። ወደቀ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጤና አይለይሽ ልጄ። ስትመጪ ፕሪም ያዢልኝ፤ ሰውዬው ፈተናውን መድገም መብቱ ነው። እኔንም ሲጥሉኝ እንዲያ ብለውኝ ነበር።

እናትሽ