ራዲያተሩ ውስጥ የገባው ተልባ

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ ጠዋት

ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ላንቺ ልንገርሽ፣ ማስታወሻዬ። የባሌን የሙሉጌታን ራዲያተር ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ተልባ ጨመርኩበት።

ዝናብ። ሻዩ ቀዝቅዟል። ከላይብረሪ ያመጣሁት መጽሐፍ ተከፍቷል፣ መዝገበ ቃላቱ ከጎኑ። ስለ ጥንት መኪናዎች ነው። አዲስ መኪና ሲሠሩ ሳያሳርፉ ቀኑን ሙሉ አቀበት ለአቀበት ይነዱት ነበር፤ ሞተሩ የት ላይ እንደሚፈላ ለማየት። ሙሌም የፈለገው ይህንኑ ነው። እሱና ጓደኛው ጋሼ ታደሰ ከአንድ ገበሬ ጎተራ የገዟት፣ መቶ ዓመት ያለፋት መኪና። ራዲያተሩን ሙሌ ራሱ ሠራው። ቱቦ በቱቦ እየበየደ፣ ክረምቱን ሙሉ።

የአቀበቱ ፈተና ዋዜማ ራዲያተሩ ከታች ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ሙሌ ፊቱ ጠቁሮ ሻወር ገባ። እኔ ወደ ቤታችን ጋራዥ ወረድኩ። አገር ቤት አባቴ የጭነት መኪና ሲነዳ፣ የሚያፈስ ራዲያተር በተልባ ዱቄት ሲደፍን አይቻለሁ። አንድ ሙሉ ኩባያ ጨመርኩበት። ጠብታው ቆመ። ደስ አለኝ።

በማግስቱ አቀበቱ መሐል ላይ ፈላ።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ጋሼ ታደሰ ደወሉ። ሙሌ ካረፈ ጀምሮ መኪናዋ ቡሪየን ከተማ፣ እሳቸው ጋራዥ ናት። ቅዳሜ አዲስ ራዲያተር ሊገጥሙላት ነው። የሙሌን ለብረት ለቃሚ ሊሰጡት። አልማዝዬ፣ ነፍሱን ይማረውና እጁ ለፍሬን ጥገና እንጂ ለብየዳ አልተፈጠረም አሉ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሙሌም ያለው ይህንኑ ነበር። ቱቦዎቹን አጥብቤያቸዋለሁ፣ አልችልበትም አለ። ከዚያ ወዲህ ብየዳ አልነካም። እንዲህ እንዳመነ ሞተ።

መጽሐፉ፦ በእነዚያ መኪናዎች ፓምፕ የለም። የሞቀው ውሃ በራሱ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል። መንገዱ ከጠበበ ዝውውሩ ይቆማል። እንግዲህ ጠቦ ነበር። ማን አጠበበው? ጥቂት ገጽ ዝቅ ብሎ፦ የጥንት ሾፌሮችም ተልባ ይጨምሩ ነበር። ቆንጠር አድርገው።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

በአውቶቡስ ቡሪየን። ራዲያተሩ ተፈቶ ግድግዳ ተደግፏል፤ የላዩ ክዳን ስለተነሳ የቱቦዎቹ አፍ ይታያል። ውሃ ላፍስበት አልኩ። ልታጠምቂው ነው? አሉኝ ጋሼ ታደሰ። አፈሰስኩ። ከታች ጠብታ ብቻ። አንዱን ቱቦ በቀጭን ሽቦ ፋቅሁት። ቡናማ ቅርፊት ወጣ። እንደገና አፈሰስኩ፤ በዚያኛው ቱቦ ውሃው ዥው ብሎ ወረደ።

ቱቦው ሰፊ ነው። ሙሌ አላጠበበውም።

ጋሼ ታደሰ ዝገት ነው አሉ። ዛሬም አልነገርኳቸውም። ቅርፊቱን በሶፍት ጠቅልዬ ተመለስኩ።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ቅርፊቱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ተሙለጨለጨ። ተልባ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ጋራዡ የሚከፈተው በሦስት ሰዓት ነው። ብደውልላቸው ይቀልዳሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ራሴን አውቃለሁ። ስለዚህ እነዚህን ገጾች ልገለብጣቸው ነው። ከተረፈው ቅርፊት ጋር ፖስታ ውስጥ። የሙሌ ራዲያተር ለብረት ለቃሚው ሳይጫን መድረስ አለብኝ። የሚረከቧቸው ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ ፊቴ ቆመው ያነቧቸዋል።