የመላኩ ሆት ዶግ በሙት ዓመቱ

ይድረስ ለውዱ ባለቤቴ፣ ለሃምሳ አለቃ መላኩ፤

በሰላምታ ልጀምር ነበር፤ ግን ተናድጄብሃለሁ። ከተለያየን ትናንት ዓመት ሞላ። ሁለተኛ የሥጋ መፍጫ ካልገዛሁ ብለህ ሞያሌ ወረድክ፤ ስትመለስ መንገድ ላይ ሜጋ ከተማ ወባ ጣለህና አንድ የሚያውቅህ ሰው ሳይኖር ሞትክ። አንድ መፍጫ ነበረን እኮ! ምን አነሰን? አዲሱን የጭነት መኪና ሾፌሮች አምጥተውልኛል፤ እስካሁን ከካርቶኑ አላወጣሁትም።

እዚህ ነጌሌ፣ ከጦር ሰፈሩ በር ፊት ለፊት ያለችው ሆት ዶግ ቤታችን አልተዘጋችም። አንጀቱን የማጥበው፣ ቋሊማውን የምሞላው አሁንም እኔው ነኝ። ዳቦ ጋጋሪው ዛሬም ረዘም አድርግልኝ ስለው ያጉረመርማል። የክብረ መንግሥት ሾፌሮች ከመኪናቸው ሳይወርዱ ክላክስ ያደርጉልኛል፤ ሰናፍጭ ቀብቼ አቀብላቸዋለሁ፤ በአንድ እጅ መሪ፣ በአንድ እጅ ሆት ዶግ ይዘው ይሄዳሉ። አንተ ደንበኛ የምትለው እነሱን ብቻ ነበር።

ሌላው ሰው ከኮሪያ ዘመቻ ሜዳልያ ይዞ ሲመለስ አንተ ሆት ዶግ ይዘህ መጣህ። አሜሪካኖቹ እንዳሳዩህ የሚበላው ቆሞ፣ በአንድ እጅ፣ ሳይቆርሱ ነው ባይ ነበርክ፤ ለአንድ ሰው አንድ። የነጌሌ ሰው ደግሞ ገና ከመግባቱ ወንበር ይስባል፤ ዳቦውን ፈልቅቆ ቋሊማውን ያወጣል፣ ሚጥሚጣ አምጪ ይላል፣ ቆርሶ ጓደኛውን ያጎርሳል። አንተ ከባንኮኒው ኋላ ትንጨረጨራለህ። ከብት ነጋዴው ወዳጅህ ኦቦ ዲዳ አካም ናጋ ብለው ገብተው፣ አንተን ለማብሸቅ ብቻ ዓይንህ እያየ ለሁለት ይገምሱት ነበር። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እያሉ ሲያሾፉብህ ሁላችንም እንስቅ ነበር።

ታዲያ ብቻህን ሞትክ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ተረት በሳቅ የሚናገራት የለም። ውሃ ስቀዳ ከኋላዬ እሷኑ ሲያንሾካሹኩ ሰምቻለሁ። ይሄን ሁሉ ሰው ያበላኸውን አንተን!

ስለዚህ ለሙት ዓመትህ ወጥ አልሠራም፣ የማበላው ሆት ዶግ ነው አልኩ። ወንድምህ ጋሽ ተሰማ ከመንዝ ድረስ መጥተው ጮኹብኝ፤ የሙት ዓመት ቆሞ ይበላል ወይ፣ ወንድሜን የአገር መሳቂያ ልታደርጊው ነው ወይ አሉ። እምቢ አልኩ። አገሩ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ አንተ እንደምትለው ቆሞ፣ ሙሉውን ይዞ እንዲበላልህ ፈለግሁ። ያንተ አበላል የንፉግ አበላል እንዳልነበር ይዩት ብዬ ነው።

የቆሙ መሰለህ? ለእያንዳንዱ በእጁ አስያዝኩ። ቁሙ እያልኩ ድንኳኑን ዞርኩ። እሺ እናትዬ፣ እሺ እያሉ ተቀመጡ! ቆረሱ። ተጎራረሱ። ጋሽ ተሰማ ደግሞ አንዱን ለአራት ቆራርሰው አደሉት። መጥበሻውን ወርውሬ ልወጣ ትንሽ ነው የቀረኝ።

ያኔ ኦቦ ዲዳ ከጥግ ተነሡ። በዚያ ድንኳን ከእንግዶቹ የቆሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። የያዙትን እንደ ልማዳቸው ለሁለት ገመሱትና ይቺ የመላኩ ናት ብለው ግማሹን ዘረጉልኝ። ከዚያ ጎረቤታችን ከራሷ ቆርሳ ይቺም የሱ ናት አለች። ጋሽ ተሰማ እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ ቆረሱ። አንዱ ሲቆርስ ሌላው ሲቆርስ፣ የያዝኩት ሳህን ሞልቶ ፈሰሰ። ብቻውን በላ የተባለው ሰውዬ ድርሻ ከሁላችንም በለጠ።

ንዴቴ ግን አልበረደም፤ እንዳይመስልህ። ለመፍጫ ብለህ ሄደህ መቅረትህን መቼም ይቅር አልልህም። ሆኖም ቃሌን ልስጥህ፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ይህ ቀን በመጣ ቁጥር ድንኳን ይተከላል፣ ቋሊማህም ይጠበሳል። ሰዉ እንደ ልማዱ ተቀምጦ ይቆርሳል፤ አንተም እዚያው ሆነህ ተንጨርጨር። ያንተን ድርሻ እኔ እበላልሃለሁ። ቆሜ።

ባለቤትህ አስካለ