ናስር ሲመጣ የሚጠይቀኝ

ነሐሴ 14፣ መርሳ
ጠዋት ደመና፣ ከሰዓት ዝናብ። ጉሊት የወጣነው እኔና ጎረቤቴ ወይንሸት ብቻ። በርበሬና ጨው ይዤ። ገዥ የለም። ታጣቂዎች በመንገዱ ሲያልፉ ቀና አላልንም።

ወረቀቱን አወጣሁ። ባሌ ናስር ሲሪንቃ ምርምር ጣቢያ ጥበቃ ነው። ከተጣለ ወረቀት መሀል እንግሊዝኛ ያለበትን ይለቅምልኛል... እንዲሁ ነው የተማርኩት። በዚህኛው በአንድ በኩል እንግሊዝኛ፣ ሁለት ሁለት ቃል፤ በሌላው ትርጉሙ። ከተማው ሊያዝ ሲል "ግቢውን አይቼ ልምጣ" ብሎ ሄደ። ደጃፍ ላይ ዞሮ፣ "ስመጣ እጠይቅሻለሁ። ከሳትሽ የወጡ ሥጋ የእኔ ነው።"

ሥጋ የት አለና?

ሉክ ፎር፣ መፈለግ። ጊቭ አፕ፣ ተስፋ መቁረጥ። ጊቭ መስጠት፣ አፕ ላይ... ታዲያ ተስፋ መቁረጥ ከየት መጣ? መሸምደድ ነው እንጂ።

ነሐሴ 27
ከባድ መሣሪያ ሲጮህ ዋለ። ካሪ ኦን፣ መቀጠል። ቴክ ኦፍ ጠፋኝ።

መስከረም 19
የናስር ታላቅ እህት ዓቢዳ ጉሊት ድረስ መጡ። ሰው እየሰማ...

"ባል የሞተባት ሴት ገበያ ትወጣለች? ጉትቻሽን አውልቀሽ፣ ዒዳሽን ቤትሽ አትቀመጭም?"

"ሞቶ ያየው ሰው አገኙ እትዬ?"

"መንገድ ላይ የቀሩትን አገር ያውቃል!"

"እሱን ያየ አለ?"

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሄዱ። ማልቀስ ነበረብኝ? አልመጣም። ወይንሸት፣ "አንች፣ በርበሬ ነው የምትሸጭው እንግሊዝኛ? ለእኔም ሩብ ኪሎ ስፈሪልኝ።" የሳቅኩ መሰለኝ።

ጥቅምት 30
ትርጉሙን በእጄ ሸፍኜ ወረድኩት። ሁሉም አለ። ቴክ ኦፍ ብቻ የለም። እጄን አነሳሁ... ማውለቅ። ትንሽ ቆይቼ ሞከርኩ። ደግሞ የለም። ናስር ይህችኑ ነው የሚጠይቀኝ፤ አውቀዋለሁ።

ታኅሣሥ 18
ብርድ። መንገዱ ተከፍቷል። ከናስር ጋር ጥበቃ የነበረው አብዱልሐሊም መጣ። ዓቢዳም ነበሩ። ተቀመጥ ስለው እምቢ አለ።

"በእጄ ነው የቀበርኩት። በሄደ በማግስቱ። ሰግደንበታል።"

"ፊቱን አየኸው?"

"አየሁት።"

ዓቢዳ ጮኹ። እኔ ውሃ ቀዳሁለት። ጠጣ።

ሲመሽ ዓቢዳ እጄን ያዙ። "ዒዳ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው፤ የሚቆጠረው ከሞተበት ቀን ነው። አልቆልሻል ልጄ። ገበያሽን ውጭ።"

አልቋል... በርበሬ ስሸጥ?

ታኅሣሥ 19
ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰገድኩ። ጉትቻዬን አወለቅኩ። ቴክ ኦፍ... ሳልፈልገው መጣ። ጉትቻውን እንደ በርበሬ በወረቀቱ ጠቀለልኩት። ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ።

ወይንሸት አንኳኳች። ቅርጫቷን ይዛለች።

"ዛሬ አልወጣም።"

"ዒዳሽ አልቋል አሉሽ አይደል?"

"እኔ የሰማሁት ትናንት ነው።"

በርበሬዬን ሰጠኋት። በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ።