ክብሪት ይዞ መግባት ክልክል ነው

ዲንቄ፣

ባለሽበት ሰላም ይሁንልሽ። ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሰማዩ ዘንድሮም ከወንጪ በኩል እየጠቆረ ይመጣል፤ እኔም እንደ ልማዴ ዝናብ የለም ብዬ ወጥቼ በስብሼ እመለሳለሁ። የሚቆጣኝ ግን የለም።

በአማርኛ ስጽፍልሽ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። «ትቆጣኛለህ በኦሮምኛ፣ ትጽፍልኛለህ በአማርኛ፤ የምትወደኝ በየትኛው ነው?» ትዪኝ ነበር። ምን ላድርግ? ፊደል ራሴን ያስተማርኩት ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ጋዜጣውም በአማርኛ ነበር። እጄ የለመደው እሱን ነው። ለጥያቄሽ ያን ጊዜ አልመለስኩልሽም። በሁለቱም ነው።

ቤቱን ልንገርሽ። የኋላው አሸንዳ ተቀይሯል። የጓዳው በር አሁንም ጠባብ ነው፤ አስፋልኝ ስትዪኝ ኖረሽ፣ እኔ ሳላሰፋው አንቺ ቀጠንሽለት። ከቀዶ ጥገናው በፊት የነበሩትን ቀሚሶችሽን ልጃችን ሌንሴ «አንዱ ለሁለት ሴት ይበቃል» እያለች ለሰው ሰጠቻቸው። ከዚያ በኋላ ያሰፋሻቸውን ራሷ ትለብሳለች። ሰማያዊውን ለብሳ ከኋላ ሳያት ስምሽን ልጠራ አፌን እከፍትና እዘጋዋለሁ። የውጭ በሩ ላይ ያለው ማስታወቂያ ቀለሙ ደብዝዞ ስለነበር ዘንድሮ ደግሜ ጻፍኩት። አንቺ የምታውቂው ያው ቃል ነው፤ አንድ ፊደል አልለወጥኩም።

ጉልበትሽ አልሸከም ሲልሽ፣ ስኳሩም ሲጨመርበት፣ አዲስ አበባ ሄደሽ ጨጓራሽን በቀዶ ጥገና ልታሳንሺ ቆረጥሽ። እኔ አልፈለግሁም። ያን ጊዜ ተናግሬያለሁ፣ ዛሬም ቃሌን አልለውጥም። ግን ሆዱ ያንቺ ነበር፣ ውሳኔውም ያንቺ፤ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል እስክትገቢ ድረስም ቦርሳሽን ይዤ አጠገብሽ ነበርኩ። የሆነውን መካድ ደግሞ አልወድም፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት መልካም ነበሩ። ገበያ ደርሰሽ አንዴም ሳትቀመጪ የተመለስሽ ዕለት፣ ሁሉቃ ድልድይ ላይ ቆመሽ «ሽማግሌው፣ ና እንጂ፣ መሸብን!» ብለሽ በሰው ፊት ጮኸሽብኛል። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ዞር ብዬ ሳቅሁ፤ አላየሽኝም።

ከዚያ መውደቁ መጣ። መጀመሪያ የወደቅሽው ገበያ መሀል ነው። ዓይንሽ ወደ ላይ ሄደ፣ ሰውነትሽ ተገትሮ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰው የሚጥል በሽታ ሲያይ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ክብሪት ጭሮ ጭሱን አፍንጫ ላይ መያዝ። እኔ ደርሼ ሰውን ገፍቼ እስክገባ አራቱም አቅጣጫ ክብሪት ይጫር ነበር። ሁሉም ሊያድንሽ ነው የፈለገው፣ ይህን አልክድም። አንዱ በጣም አስጠግቶ ያዘና እሳቱ የላይኛው ከንፈርሽን አቃጠለው። ስትነቂ ምን እንደሆንሽ አላወቅሽም፤ ከንፈርሽን ዳሰሽ «መውደቄ አንሶ ጠበሱኝ?» አልሽ። ጠባሳው እስከ መጨረሻው ከንፈርሽ ላይ ነበር።

ቤት እንደገባን ሳንቃ ቆርጬ፣ ቀለም በጥብጬ፣ «ክብሪት ይዞ መግባት ክልክል ነው» ብዬ በሩ ላይ ሰቀልኩ። የራሳችንንም ክብሪት አውጥቼ ጣልኩ፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገባ። መብራት ሲጠፋ ሻማውን በላይተር መለኮስ ሆነ። ጎረቤት ስቆብን ሊሞት ነበር። አንቺ ግን አልሳቅሽም፤ ሳንቃው ዘመም ብሏል ብለሽ እንዳቃናው አደረግሽኝ።

ሐኪም ቤቶቹን ታስታውሻለሽ። ጭንቅላትሽን በማሽን አዩት፣ ምንም የለም አሉ። ደምሽን ደጋግመው ቀዱ። ስኳር ወርዶባት ይሆናል አሉ፣ ሲለኩት ደህና ነው። ቪታሚን ጎድሏት ይሆናል አሉ፣ መርፌውን ተወጋሽ፤ መውደቁ ግን አልቀረም። በመጨረሻ ያንን ወጣት ሐኪም ፊት ለፊት ይዤ፣ ከቀዶ ጥገናው ነው ወይስ አይደለም ብዬ ጠየቅሁት። መነጽሩን አወለቀና «አባቴ፣ አላወቅነውም። ያወቅን መስለን ብንነግርዎ ውሸት ይሆናል» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ልጅ አከብረዋለሁ።

ምክንያቱ ያልጠፋበት የከተማው ሰው ነበር። አንዷ ድግምት አለች፣ አንዱ የዘር ነው አለ፣ ተቆርጦ የተጣለው ጨጓራ ባለቤቱን እየጠራ ነው ያለም አልጠፋም። ለጸሎት የመጡትን አላባረርኩም፤ አንቺው ነሽ የጠራሻቸው። «ውጣ! ውጣ!» እያሉ አንቺ ላይ መጮህ ሲጀምሩ ግን ራሳቸው እንዲወጡ ነገርኳቸው። ዕድሜዬን ሙሉ የወፍጮ ሞተር ስጠግን ምክንያቱ ሳይገባኝ የቆመ ስንት ሞተር አይቻለሁ። ሰይጣን ገብቶበታል ብዬ ለባለቤቱ ነግሬ አላውቅም። አላገኘሁትም እላለሁ፤ እንደገና እፈታዋለሁ።

የመጨረሻው መንቀጥቀጥ አልቆም አለ። መኪና ውስጥ ጭንቅላትሽን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በጎንሽ አስተኝቼሽ ነበር። ሆስፒታሉ በር ስንደርስ ቆመ፤ ትንፋሽሽም አብሮ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አሁን ወደ ጻፍኩልሽ ጉዳይ ልምጣ። ለሌንሴ ሽማግሌ ተላከ። ልጁ ገላና ይባላል፤ የእጃጂ ልጅ ነው፣ ባኮ በቆሎ ምርምር ላይ ይሠራል። ሲናገር ዓይን ያያል፤ ወድጄዋለሁ። የሽማግሌዎቹ ዋና ኦቦ ደበላ የሚባሉ ረጅም ሰው ናቸው። መጀመሪያ የመጡ ቀን ማስታወቂያውን አንብበው «ኦቦ ጉተማ፣ ቤንዚን ነው እንዴ የምትሸጡት?» ብለው አሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ጥያቄያቸውን ሰምቼ ቀጠሮ ሰጠሁ።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ምን እንደሚያመጣ ታውቂዋለሽ። በእኛ አገር ሽማግሌ ስለ ልጅቷ መልክ ላይጠይቅ ይችላል፤ በዘሯ ስላለ በሽታ ሳይጠይቅ ግን አይሄድም። ወንድምሽ ፈይሳ በዋዜማው መጣና «ደም ግፊት በል። በደም ግፊት ያልሞተ ማን አለ? የሚጥል ካልክ ልጅቷን ቤት አስቀረሃት!» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለልጅቷ ሰግቶ ነው። እሱ ከሄደ በኋላ ሌንሴን ጠራኋት። ዓይኗ አብጦ ነበር። እኔ በበኩሌ አልዋሽም፤ ግን ያንቺን ሆድ ላንቺ እንደተውኩት ሁሉ፣ ትዳሯም የእሷ ነውና ቃሏን መስማት ፈለግሁ። «አባዬ» አለች፣ «በደም ግፊት ካገባሁ፣ እማዬ በተነሳች ቁጥር ስዋሽባት ልኖር ነው። እንደሆነው ንገራቸው።» ፊቷ ያን ጊዜ ቁርጥ አንቺን ነበር።

ነገርኳቸው። ቀዶ ጥገናውን፣ መውደቁን፣ መኪናውን። ኦቦ ደበላ «ምክንያቱስ?» አሉ። «አይታወቅም» አልኩ። ሽማግሌ ፊት አይታወቅም ማለት ደብቄያለሁ እንደማለት ነው፤ እርስ በርስ ተያዩ። «ከዘር ይሆን?» አሉ። በቤተሰብሽ ከአንቺ በፊት የወደቀ እንደሌለ ተናገርኩ። «ግን ምክንያቱን ሳላውቅ አይደለም ብዬ አልምልም» አልኳቸው። ፈይሳ ግንባሩን ያዘ። እነሱ አመስግነው ተነሡ፤ ሄዱ።

ከዚያ ድምፃቸው ጠፋ። ቀጠሮ የለ፣ መልክተኛ የለ። ፈይሳ ሰላምታዬን ተወ። ሌንሴ ጉደር ሄዳ አስተምራ ትመለሳለች፣ ራት ታቀርባለች፤ አንዴም ለምን ተናገርክ አላለችኝም። ስልኳ ሲጮህ ግን ሁለታችንም እናየው ነበር። ደጋግሜ አሰብኩበት፤ ጥያቄው ተመልሶ ቢመጣ መልሴ ያው ነው።

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሩ ተንኳኳ። ኦቦ ደበላ ሰዎቻቸውን አስከትለው ማስታወቂያው ሥር ቆመዋል። ግቡ ብላቸው አልገባ አሉ። ኪሳቸውን ዳብሰው አንድ የክብሪት ቀፎ አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡት። «ይህን ይያዙልን» አሉ። «አሁን መግባት ይፈቀዳል?»

ከተቀመጡ በኋላ፣ በእጃጂ ብዙ ክርክር እንደነበር አልደበቁኝም። የገላና እናት ናቸው የቆረጡት አሉ፤ «ይህን የነገረን ሰው ሌላ የሚደብቀን ነገር የለውም» ብለዋል። ኦቦ ደበላ ቀጥለው «አይበለውና ልጅቷ አንድ ቀን ብትወድቅ፣ ክብሪት ካልተጫረ ምን ይደረጋል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ወገቤ፣ ምንጣፉ ላይ ተጋደምኩላቸው። በጎን እንዲያስተኙ፣ ጋቢ አጣጥፈው ከራስ ሥር እንዲያደርጉ፣ አፍ ውስጥ ምንም እንዳይከቱ፣ ካልቆመ ወደ ሐኪም ቤት እንዲሮጡ አሳየኋቸው። ከእጃጂ የመጣ ሽማግሌ ሁሉ ቆሞ ቁልቁል ያየኛል። ሌንሴ ከጓዳው በር ላይ ሆና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ስትስቅ ሰማኋት። ከሄድሽ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አልሰማሁም።

ሠርጉ ዝናቡ ሲያቆም ነው። ፈይሳም መጥቷል፤ ድንኳኑን እኔ ነኝ የማቆመው ብሎ ከወዲሁ ያዝዛል።

እኔ አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ያን ሐኪም እየፈለግሁ፣ እስካሁን አላወቃችሁም ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ። እስካለሁ ድረስ አልተወውም። አንቺንም በሌላ በሽታ ስም አላነሳሽም፤ ማንም በምን ሞተች ቢለኝ እንደሆነው እነግረዋለሁ፤ ሁሉቃ ድልድይ ላይ እንደጮህሽብኝም እጨምርለታለሁ።

ለሌንሴ ስጦታ እየሠራሁ ነው። ሌላ ሳንቃ ቆርጬ ለስልሼ፣ ያንኑ ቃል ጽፌበታለሁ። ባኮ ወስዳ በራሷ ደጅ ትሰቅለዋለች። ቀለሙ እስኪደርቅ ጓዳ ግድግዳ ላይ አስደግፌዋለሁ። አንቺ እንዳስተማርሽኝ ራቅ ብዬ አየሁት፤ አልዘመመም።

ጉተማ